ጥያቄና መልስ፦ ከሐዋሳ ወደ ደጋው ጫካ በፎር ዊል

በልግ ሲገባ ወደዚህ ዓምድ የሚመጡ ደብዳቤዎች ይበዛሉ። ጥያቄያቸውም ያው ጭቃ፣ ቁልቁለት፣ ጎማና ጉተታ ነው። በዚህ እትም ከሐዋሳና ከአካባቢዋ የደረሱንን መርጠን መልሰናል። ሞዴሉን ሳይጽፉ «መኪናዬ ዳገት እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ያላችሁን ግን መርዳት አልቻልንም፤ የመኪናውን ዓይነት፣ የጎማውን ልክና ማኑዋል ይሁን አውቶማቲክ ጨምራችሁ ድጋሚ ጻፉልን።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው «ፎር ዊሉን አስፋልት ላይ እንዳትነካው» አለኝ። መካኒኬ ደግሞ «በወር አንዴ ካልሠራ ይደርቃል» ይላል። ማንን ልስማ? (አንባቢ፣ ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በሃይሉክስ ላይ 4ኤች (ፎር ዊል በፈጣን ማርሽ) ሲገባ የፊቱና የኋላው ካርዳን እኩል እንዲዞሩ አንድ ላይ ይታሰራሉ። መኪናው ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ስለሚዞሩ ፈጠን ማለት ይፈልጋሉ። ጠጠር ወይም ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ሸርተት ስለሚል ልዩነቱ እዚያው ያልቃል። ደረቅ አስፋልት ላይ መንሸራተት ስለሌለ ጭንቁ በሙሉ ወደ ካርዳኑ፣ ወደ ማከፋፈያው ካምቢዮና ወደ ዲፈረንሻሉ ይሄዳል። መሪው ይከብዳል፣ መኪናው ሲታጠፍ ወደኋላ የተያዘ ይመስላል፣ እጀታውም ከ4ኤች አልወጣም ይላል። ያኔ በጉልበት አይታገሉት። ቀጥ ባለ ቦታ ጥቂት ሜትር ወደኋላ ቢነዱት ውጥረቱ ይለቅና እጀታው በራሱ ቀሎ ይወጣል።

መካኒክዎ ያሉትም ልክ ነው። የፊቱ ዲፈረንሻልና ካርዳን ዘይት የሚዳረሳቸው ሲዞሩ ነው፤ የቶዮታ መመሪያም በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ዊል እንዲነዳ ይመክራል። ያንን በጠጠር መንገድ ያድርጉት።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። 4ኤች መሪው ቀጥ ብሎ በዝግታ እየሄዱ ይገባል። 4ኤል (ፎር ዊል በከባድ ማርሽ) ግን ቆመው፣ ፍሪሲዮን ረግጠው፣ ማርሹን ባዶ አድርገው ነው። 4ኤል የጎማውን ጉልበት ወደ 2.5 እጥፍ ያሳድጋል፣ ፍጥነቱን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰው የሚሳሳተው ዳገቱ ወገብ ላይ ደርሶ መኪናው ሲንተፋተፍ 4ኤል ሲፈልግ ነው። እዚያ መቆም አለበት፣ ከቆመ ደግሞ በጭቃው ላይ መነሳት አይችልም። ስለዚህ ከግርጌው ያስገቡት።

አብዛኞቹ ፕራዶዎች ሁልጊዜ በአራት ጎማ ስለሚሄዱ አስፋልት ላይ ችግር የለባቸውም፤ እነሱ አስፋልት ላይ መንካት የሌለባቸው የመሃሉን ዲፈረንሻል መቆለፊያ ብቻ ነው። የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ያላችሁ ደግሞ የፊት ጎማው መሃል ላይ ያለውን ሎክ በእጅ ማዞር አትርሱ። ሎኩ «ፍሪ» ላይ ከሆነ እጀታው 4ኤች ላይ ቢቀመጥም የፊት ጎማ አይጎትትም። «ፎር ዊሉ ተበላሽቷል» ተብሎ ጋራዥ ከሚገባው መኪና ጥቂት የማይባለው ችግሩ ይኼው ነው።

ጥያቄ፦ ላንድክሩዘሬ ባለ ከመነዳሪ 7.50 አር 16 ጎማ ነው። ጭቃ ላይ ንፋስ ቀንስ ይሉኛል፤ ጎሚስታው ደግሞ «ከቀነስክ ከመነዳሪው ይቀደዳል» ይለኛል። (አንባቢ፣ ከቱላ)

መልስ፦ ጎሚስታው የሚያውቁትን ነው የነገሩዎት። ንፋስ ሲቀነስ ጎማው ወደ ርዝመቱ ይተኛል፣ መሬት የሚነካው ክፍል ይጨምራል፣ መኪናው ጭቃውን ከመቁረጥ ይልቅ ላዩ ላይ ይሄዳል። ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ላለው ሃይሉክስ ወይም ፕራዶ አስፋልት ላይ ከ30 እስከ 34 ፒኤስአይ፣ ኮረኮንች ላይ 26 ገደማ፣ ለስላሳ ጭቃ ላይ ከ18 እስከ 20 ይበቃል። ከ15 በታች ግን መሪ ሲታጠፍ የጎማው ከንፈር ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል።

የእርስዎ ጎማ ከዚህ ይለያል። ንፋሱ ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ትንሽ ትንሽ እየዞረ ከመነዳሪውን አብሮ ይጎትታል፤ ቫልቩ ግን ቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ተይዟልና ከሥሩ ይቀደዳል። ስለዚህ ጭቃ ላይ ከ25 በታች አይውረዱ። ጎማውና ቸርኬው የሚገናኙበት ላይ በነጭ ቀለም ወይም በጠመኔ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። መቶ ሜትር ጭቃ ነድተው ሲወርዱ መስመሩ ከሁለት ተከፍሎ ከተራራቀ ንፋስ ይጨምሩ። ቫልቩ አንገቱን ካዘመመ ደግሞ ወዲያው ያቁሙ።

ንፋስ ቀንሶ ከ40 ኪ.ሜ. በላይ መንዳት የጎማውን ጎን በሙቀት ይገድለዋል፤ ጉዳቱ የሚታየውም ከሳምንት በኋላ አስፋልት ላይ ሲፈነዳ ነው። ስለዚህ ንፋስ መቀነስ ያለበት መልሶ የሚሞላበት ያለው ሰው ብቻ ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር አራቱን ጎማ ከ18 ወደ 32 ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ሞተሩ እየሠራ ይሙሉ እንጂ ባትሪው ያልቃል። ድንጋያማ ቦታ ሲደርሱም ጥቂት ይጨምሩ፣ ምክንያቱም የተነፈሰ ጎማ ጎኑን ወደ ውጭ ስለሚያወጣ ስለታም ድንጋይ ያገኘዋል።

ብዙዎች «ሐዋሳ የለካሁት ደጋ ላይ ተቀየረ» ይላሉ። ትክክል ነው። በየ6 ዲግሪው ቅዝቃዜ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል፤ በአንጻሩ ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 1.3 ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ ብዙ አይጨነቁበት። ጎማው ትኩስ ሳለ ከመለካት ግን ይቆጠቡ።

ጥያቄ፦ ከሀገረ ሰላም በላይ ካለው የቀርከሃ ጫካ በገጠር መንገድ ስወርድ ዝናብ ካባራ ግማሽ ሰዓት አልሆነውም ነበር። ቀይ አፈሩ ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናው በጎኑ ሄደ። ኤቢኤስ አለው፣ ጎማውም ገና ጥርሱ አላለቀም። ለምን አልያዘም? (አንባቢ፣ ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ኤቢኤስ ጎማው እንዳይታሰር ፍሬኑን ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። አስፋልት ላይ ይህ ያድናል። እርጥብ ሸክላ ላይ ግን ጎማው የሚይዘው ነገር ስለሌለ ፍሬኑ የሚለቅበት ጊዜ ይበዛል፣ መኪናውም መውረዱን ይቀጥላል። ከዚያ ይልቅ ዋናው ነገር አፈሩ ነው። በሲዳማ ደጋ ያለው ቀይ አፈር አጭር ዝናብ ሲዘንብበት ላዩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይርሳል፤ ሥሩ ደረቅና ጠንካራ እንደሆነ ይቀራል። ጎማው የሚሄደው በዚያ ቀጭን ቅባት ላይ ነው። ለረጅም ሰዓት ከዘነበ በኋላ የበለጠ ጭቃ ቢኖርም ጎማው ገብቶ የሚነክሰው ነገር ያገኛል። የከፋው ሰዓት እርስዎ የወረዱበት ነው፤ ዝናቡ እንዳባራ። ፀሐይ ከወጣ ሁለት ሦስት ሰዓት መጠበቅ ከማንኛውም ጎማ ይበልጣል። ዋልካ አፈር ላይ ከሆኑ ግን ሰዓት ሳይሆን ቀን ይጠብቁ፤ እሱ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ሊሾ ያደርገዋል።

መጠበቅ የማይቻል ሆኖ መውረድ ግድ ከሆነ እንዲህ ነው።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆመው ይውረዱና እስከ ታች በእግር ይሂዱ። እግርዎ ሲያንሸራትት ጎማውም ያንሸራትታል። የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፦ መንገዱ ወደ ገደሉ ያዘነበለ መሆኑን፣ የጎማ ቦዮቹ ጥልቀት ከመኪናዎ ሆድ ከፍታ ማነሱን፣ ታች ሲደርሱ የሚቆሙበት ሜዳ መኖሩን። መንገዱ ወደ ገደል ካዘነበለና እርጥብ ከሆነ አይውረዱ። እዚህ ላይ የመንዳት ችሎታ የሚያደርገው ነገር የለም።

ሌላው ደህና ከሆነ 4ኤል አስገብተው አንደኛ ማርሽ ይያዙ፤ አውቶማቲክ ከሆነ «ኤል» ወይም በእጅ 1 ላይ ያድርጉት። ከዚያ እግርዎን ከፍሪሲዮን ያርቁ። ፍሪሲዮን በረገጡ ቅጽበት መኪናው ከሞተሩ ተፈትቶ በራሱ ክብደት ይሮጣል። ፍሬን ላይም እግርዎን አያሳርፉ፤ ሞተሩ በማርሽ ይያዘው።

ቀጥሎ የምንለው ብዙ ሰው የማይዋጥለት ነገር ነው። አንደኛ ማርሽ ላይ ጎማው ከመኪናው ፍጥነት ዘግይቶ ከዞረ ያው ፍሬን እንደተያዘ ይንሸራተታል። መኪናው መንሸራተት ሲጀምር ነዳጅ በጥቂቱ ይስጡት፣ ጎማው መኪናውን ይደርስበትና መያዝ ይጀምራል። ኋላው ወደ ቀኝ ከሄደ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሄደ ወደ ግራ፤ በዝግታ፣ ሩብ ዙር አይሞላም። ሲቀና መሪውን ወዲያው ይመልሱ፣ ካልሆነ በተቃራኒው ይወረወራል። ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ከሄደብዎ በገደሉ በኩል ለማዳን አይታገሉ፤ ወደ ተራራው ግድግዳ በኩል፣ ወደ ውሃ መውረጃው ይስጡት። የተጎዳ ፓራውልት በሐዋሳ ጋራዥ ይስተካከላል።

የጎማ ቦይ ውስጥ ከገቡ እዚያው ይቀጥሉ። ከቦዩ በሰያፍ ለመውጣት የፊት ጎማ ሲያጠፉ መኪናው ለጥቂት ሜትር ምንም አይሰማም፣ ከዚያ ድንገት ጎማው ጠርዙን ይነክስና ወደ ጎን ይዘላል። መሪውን ምን ያህል እንዳጠፉ ስለማያውቁ በመስኮት አንገት አውጥተው የፊት ጎማውን ማየት ይለመዳል፤ ወይም ከወረደ ሰው በምልክት ይቀበሉ።

ረጅም ቁልቁለት በአስፋልትም ቢሆን ፍሬን ረግጠው አይውረዱ። ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ እስከ ሐዋሳ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ። ዶት 3 የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ውስጡ አረፋ ይይዝና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል። በሁለት ዓመት አንዴ ያስቀይሩት። የሸራ ሽታ ከመጣ ደግሞ ቆመው ያብርዱት፤ ውሃ አይድፉበት፣ ታምቡሩ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ዳገት መሃል ሞተሩ ቢጠፋ ምን ይደረጋል? ልጄ ገና መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ነው፣ ላስተምረው ፈልጌ ነው። (እናት፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ መጀመሪያ የማይደረገውን ያስተምሩት። መኪናውን ዳገት ላይ አግድም አዙሮ ለመመለስ መሞከር፣ ወይም ማርሹን ባዶ አድርጎ በፍሬን ወደኋላ መልቀቅ መኪና ይገለብጣል።

የሚደረገው፦ የእግር ፍሬን ጠንክሮ ይረገጥ፣ የእጅ ፍሬን ይጎተት። ፍሪሲዮን ተረግጦ የኋላ ማርሽ በ4ኤል ይግባ። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ይለቀቅ፤ ያኔ መኪናው በማርሽ ተይዞ ይቆማል። ኋላው በመስታወትና ወርዶ በቆመ ሰው ይታይ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፣ የእግር ፍሬኑ ቀስ ብሎ ይነሳ፣ ሞተሩ ቁልፉን በማዞር ይነሳ። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ መኪናው ራሱን እየያዘ በመጣበት ፋና ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ፍሪሲዮን ካልተረገጠ አይነሱም፤ የእናንተ እንደዚያ ከሆነ ፍሬን ላይ ጸንቶ ማስነሳትና የኋላ ማርሽ እንደያዘ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው። መጀመሪያ ጠጠር በሆነ ትንሽ ጉብታ ላይ ደጋግሞ ይለማመደው። ታቦር ተራራ ሥር ለዚህ የሚሆን ገደል የሌለው ቦታ አይጠፋም፤ ሰውና ልጅ በሌለበት ሰዓት ይሁን።

ጥያቄ፦ ፕራዶዬ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ አንድ አይሱዙ በሰንሰለት ሲጎትተኝ የፊት ማሰሪያው ተገንጥሎ የአይሱዙውን የኋላ መብራት ሰበረ። ሹፌሩ ባይጎነበስ ያገኘው ነበር። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትነው? (አንባቢ፣ ከአለታ ወንዶ)

መልስ፦ ሦስት ቦታ ላይ።

አንደኛ፣ ሳይቆፈር ተጎትቷል። ጎማው እስከ መሃሉ ከገባ መኪናውን ለማውጣት የሚጠይቀው ጉልበት ከመኪናው ሙሉ ክብደት ጋር ሊተካከል ይችላል፤ የእርስዎ ፕራዶ ከ2 ቶን በላይ ነው። አካፋ ይዞ ሃያ ደቂቃ መሥራት ይህን በግማሽ ያወርደዋል። ከእያንዳንዱ ጎማ ፊት ለፊት በሚወጣበት አቅጣጫ ረባዳ ቁልቁለት ይቆፈር፣ ሆዱ የተኛበትም ጭቃ ይወገድ። ዲፈረንሻሉ አፈር ላይ ተቀምጦ ጎማ ብቻ ቢቆፈር ትርፉ ድካም ነው።

ሁለተኛ፣ የታሰረበት ቦታ። ከፊት በታች ያለችው ቀለበት በመርከብ ወይም በሎቤድ ላይ መኪና ሲጫን ወደ ታች ለማሰር የተሠራች ናት። ለጉተታ የሚሆነው ከቻሲው ጋር በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቡሎን የታሰረ ጋንቾ ነው። ተጎታች የሚያያዝበት የኳስ ቅርጽ ያለው ማንጠልጠያም እንዲሁ አይሆንም፤ ሲበጠስ እንደ ጥይት ይወጣል።

ሦስተኛ፣ ሰንሰለቱ። ሰንሰለትና የብረት ካቦ አይለጠጡም፣ ስለዚህ አይሱዙው በርቀት ተንደርድሮ ሲጎትት ግፊቱ በአንድ ቅጽበት ይመጣል። ሰንሰለት ብቻ ካላችሁ መንደርደር የለም፦ መጀመሪያ በዝግታ ይወጠር፣ ከተወጠረ በኋላ ብቻ አይሱዙው በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ይሳብ፣ እርስዎም በ4ኤል ይርዱት። መሃሉ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም አፈር የሞላ ጆንያ ይንጠልጠል፤ ቢበጠስ ወደ ላይ ከመብረር ወደ መሬት ይስበዋል። ሰው ሁሉ ከሰንሰለቱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ርቆ ይቁም። ገበሬዎችና ልጆች ለማየት ሲሰበሰቡ አንድ ሰው ይህን ብቻ እንዲሠራ መመደብ ያስፈልጋል።

የሚለጠጠው የናይሎን መጎተቻ ቀበቶ ከዚህ ሁሉ ይሻላል። 9 ሜትር ርዝመትና 8 ቶን አቅም ያለው ለፕራዶና ለሃይሉክስ ይሆናል፣ 20 በመቶ ገደማ ይለጠጣል። ከጋንቾው ጋር የሚያያዘው ሻክል (ባለ ፒን የብረት ማያያዣ) ላይ የጭነት ልኩ የተጻፈበት ይሁን፤ 3.25 ወይም 4.75 ቶን። ጽሑፍ የሌለው ሻክል አይግዙ። ፒኑ በእጅ እስኪጠብቅ ከታሰረ በኋላ ሩብ ዙር ይለቀቅ፣ ካልሆነ ከጉተታው በኋላ በፒንሳም አይፈታም።

ከጎማ ሥር የሚነጠፍ ነገር ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ገጀራ ይመዘዛል። በዚህ ዙሪያ የቀረው ዝግባ፣ ኮሶና ቀረሮ ጥቂት ነው፣ ዛፉም የሆነ ሰው ወይም ማኅበር የሚጠብቀው ነው። 25 በ100 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ጣውላዎች መኪናው ላይ ቢኖሩ ለጎማም ለክሪክም ይሠራሉ። ክሪክ ያለ ጣውላ ጭቃ ላይ ቢያስቀምጡት መኪናውን ሳይሆን ራሱን ወደ ታች ይቀብራል። ዊንች (መኪናውን በካቦ የሚስብ መጠምጠሚያ) ያለው ሰውም ካቦውን ግንድ ላይ አይጠምጥም፤ ልጣጩን ዙሪያውን ይቆርጠውና ዛፉ ይደርቃል። ከ6 ሴንቲ ሜትር የማይጠብ ቀበቶ በግንዱ ሥር ዝቅ አድርጎ ማሰር ነው።

ጥያቄ፦ ወንዝ ተሻግሬ ከሁለት ሳምንት በኋላ የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት ሳስቀይር ነጥቶ ወጣ። ውሃው ግን ከጎማው ግማሽ አላለፈም ነበር። (አንባቢ፣ ከሻሸመኔ)

መልስ፦ ጥልቀቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ከአስፋልት በፍጥነት መጥተው የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ በኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ በሚይዘው ጎማ) በኩል ውሃ ይስባል። በአዲሱ ዘይት ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው ደግመው ይክፈቱት፤ እንደገና ከነጣ ኦይል ሲሉ ይቀየር። መተንፈሻውን በቤንዚን አጥቦ ማጽዳት ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ሞተሩ ክፍል ድረስ በቀጭን ቱቦ ማውጣት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ለሚቀጥለው፦ ወንዙ ዳር አሥር ደቂቃ ያብርዱት፣ በዱላ እየለኩ በእግር ይሻገሩት፤ ወገብ ድረስ ከደረሰ ወይም እግርዎን ከገፋዎት መኪናውንም ይገፋዋል። በ4ኤል አንደኛ ወይም ሁለተኛ፣ ማርሽ ሳይቀይሩ በእርምጃ ፍጥነት። ውሃ ውስጥ ሞተሩ ከጠፋ አያስነሱት። ናፍጣ ሞተር ውሃ ከጠጣ በአንድ ዙር ዘንጉን ያጣምማል።

ጥያቄ፦ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ላንድክሩዘር ይዘን ባሌ ተራሮች፣ ሳነቲ ላይ ጥቁር ጭስ ተነሳ፣ ጉልበት ጠፋ፣ ማታም ራዲያተሩ ፈላ። ሞተሩ አልቋል? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ላያልቅ ይችላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሳነቲ ሜዳ ከ4,000 በላይ፣ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። ፓምፑ ናፍጣውን እንደ ቆላው ይልካል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን ቀንሷል፤ ጭሱ ያልተቃጠለው ናፍጣ ነው። ነዳጅ አብዝቶ መርገጥ ጭስ እንጂ ጉልበት አያመጣም። ማርሽ ይቀንሱ፣ የአየር ፊልትሮውንም ከመነሳትዎ በፊት ያስነፉት። ሐዋሳም ላይ ጥቁር ጭስ ካለ ያኔ ለመካኒክ ያሳዩ።

መፍላቱ ሌላ ነው። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ ከ87 ዲግሪ ባልበለጠ ይፈላል። ራዲያተሩ የሚድነው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው፤ ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ሐዋሳ ላይ ሳይታወቅ ደጋ ላይ ያጋልጣል። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፣ በተመሳሳዩ ይቀይሩት። ሲፈላ አይክፈቱት፤ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጠብቁ። ከቧንቧ የተሞላ ውሃ ብቻ ያለበት ራዲያተርም ይዘው ሳነቲ አይደሩ፤ ሌሊቱን ከዜሮ በታች ይወርዳልና በረዶ ሆኖ ራዲያተሩን ይሰነጥቃል። ፀረ በረዶ ፈሳሽ ግማሽ በግማሽ ይሙሉ።

ጥያቄ፦ አይዲ 4 የኤሌክትሪክ መኪና አለኝ። ወንዶ ገነት ደርሼ ከዚያ ወደ ጫካው ልውጣበት? (አንባቢ፣ ከባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ወንዶ ገነት ድረስ አዎ፣ ወደ ጫካው አይ። እዚህ አገር የሚታየው በአብዛኛው የሚጎትተው በኋላ ጎማ ብቻ ነው፣ ባትሪውም በሙሉ ከወለሉ ሥር ተዘርግቷል። አንድ ድንጋይ የሚያደርሰው ጉዳት ከጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ራቭ 4 ላላችሁም ባጭሩ፦ ከባድ ማርሽ የለውም፣ በሦስተኛው ትውልድ ላይ ያለው የ«ሎክ» ቁልፍም ከ40 ኪ.ሜ. በላይ ራሱን ይለቃል። ለደረቅ ኮረኮንች ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ተነስቶ በአንድ ቀን የሚመለሱበት የጫካ መንገድ ይጠቁሙን። ፈቃድስ ያስፈልጋል? (ሦስት አንባቢዎች)

መልስ፦ ለጀማሪ ወንዶ ገነት። ከሻሸመኔ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጉሬዛም ከመንገዱ ሳይርቁ ይታያል። ከፍል ውሃው በላይ ያለው ደን ግን የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ የሚያስተምርበትና የሚያጠናበት ስለሆነ ሳያስፈቅዱ በመኪና አይገቡበትም፤ ኮሌጁ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው። ሽቅብ የሚወጡት ብዙዎቹም የእግርና የአህያ መንገዶች ናቸው፣ መኪና ስለተጣበቀባቸው ብቻ መንገድ አይሆኑም።

ትንሽ ለለመደ በአለታ ወንዶ በኩል ሀገረ ሰላም፣ ከዚያ ወደ ቀርከሃው። ጠዋት 12 ሰዓት ቢነሱ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሳይጀምር ቁልቁለቱን ይጨርሳሉ። በቡና ወራት በየመንገዱ ዳር ሰውና ጭነት ይበዛል፣ በገበያ ቀን ደግሞ ፈረስና ጋሪ፤ ለፈረስ ክላክስ አይንፉ፣ ሞተር ቀንሰው ያሳልፉት።

የሙነሳ ሻሸመኔ ደን መንገዶች ለፎር ዊል ጥሩ ናቸው፣ ነገር ግን የፈረንጅ ጥድ እንጨት የሚጭኑ ትላልቅ መኪኖች ይመላለሱበታል። ኬላው ላይ ማስፈቀድና ከመታጠፊያ በፊት ክላክስ መንፋት ግድ ነው።

ባሌ በአንድ ቀን አይሆንም፤ ሁለት ሌሊት ይያዙለት። ዲንሾ ላይ የፓርኩን መግቢያ ከፍለው ጎባ፣ ሳነቲ፣ ሪራ፣ ሐረና ደን ብለው ወደ ደሎ መና ይወርዳሉ። ፓርኩ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከመንገዱ ወጥቶ በሣሩ ላይ መንዳት ክልክል ነው፣ ፋናውም በዚያ ቅዝቃዜ ለዓመታት አይድንም። ሲመሽ አይንዱ፤ ቀይ ቀበሮው መንገዱን ይሻገራል።

በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን ከመነሳትዎ በፊት የሚደርሱበትን ወረዳ የፀጥታ ሁኔታ በስልክ ይጠይቁ፣ ለቀበሌውም ይታዩ። ሁለት መኪና ሆኖ መሄድ ይመረጣል። በከባድ ማርሽ ሲሄዱ መኪናው ነዳጅ እስከ እጥፍ ስለሚበላ፣ በጀሪካን መቅዳትም ብዙ ጊዜ ስለሚከለከል፣ መጨረሻ ባገኙት ማደያ ታንከሩን ይሙሉ። የመድን ውልዎ ከመደበኛ መንገድ ውጭ የሚደርስን ጉዳት ይሸፍን እንደሆነም ወረቀቱን አውጥተው ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ከጭቃ ከተመለስኩ ወዲህ ከ80 በላይ ስነዳ መሪው ይንቀጠቀጣል። ጎሚስታ ባላንስ አድርጎልኝ ለሁለት ቀን ብቻ ተሻለው። (አንባቢ፣ ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ቸርኬው በውስጥ በኩል ጭቃ ደርቆ ተጣብቋል። ጎሚስታው ከነጭቃው ሚዛኑን አስተካከለልዎ፣ ጭቃው ሲረግፍ ሚዛኑ ጠፋ። ላቫጆ ሲወስዱት መኪናው ይነሳና የአራቱም ቸርኬ ውስጠኛ ክፍል፣ የባሌስትራው መሃልና የራዲያተሩ ፊት በውሃ ይታጠብ፤ ራዲያተሩ ላይ የግፊት ውሃውን ከቅርብ አያድርጉት፣ ክንፎቹ ይተኛሉ። ከዚያ ባላንሱ ይደገም። ያኔም ከተንቀጠቀጠ የፊት ቸርኬ ተጣሞ እንደሆነ ጎማውን አንስተው በእጅ እያዞሩ ይዩት።